አንድ ኮት፣ አንዲት አያት

ባለፈው ሰሞን ነጭ ሽንኩርት ልገዛ መርካቶ ወርጄ ነበር። የጅማውን መርካቶ ማለቴ ነው፤ አዲስ አበቤ መርካቶ ሲባል የእሱ ብቻ ይመስለዋል። ልባሽ ጨርቅ ከሚሸጥበት መደዳ ስደርስ እግሬ ቀጥ አለ። ከአንዱ ሱቅ ጣሪያ ጠርዝ ላይ ግራጫ፣ ዳማ ዳማ ኮት በሽቦ መስቀያ ተንጠልጥሏል። ክርኑ ላይ ቡናማ ቆዳ ተለጥፎበታል። ጠጋ ብዬ እጅጌውን ዳበስኩት። ሻጩ ከተቀመጠበት ተነሥቶ «እናቴ፣ ለጋሼ ነው? ይውሰዱለት፣ ያምርበታል» አለኝ። ጋሼው ከሞተ ቆይቷል፤ ቢኖርም እንዲህ ያለ ኮት ለብሶ ከቤት አይወጣም ነበር። «አይ፣ የማውቀው ኮት መስሎኝ ነው» አልኩት። ሰውየው ፊቱ ልውጥ አለ። የተሰረቀ ነው የምለው መሰለውና «ኧረ ከቦንዳ የወጣ ነው፣ ዛሬ ጠዋት ነው የፈታሁት» እያለ መማል ጀመረ። ነጭ ሽንኩርቱን ረስቼ ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ ቤቴ ድረስ በእግሬ ስሄድ ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር። መንገድ ላይ ያገኘችኝ ጎረቤቴ ደኅና መሆኔን ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ።

የማወራው ባጃጅ ለጅማ ገና ብርቅ ስለነበረበት ዘመን ነው። ሰው ባጃጅ ውስጥ ገብቶ ወዴት ነህ ሲባል «ዝም ብለህ ንዳው» የሚልበት ጊዜ ነበር። ሞባይል ያለው ሰው በቆዳ ማኅደር ከቀበቶው ላይ ያስረዋል፤ ሲደወልለት ደግሞ ቆሞ ነው የሚያነሣው። ኮሌጁ በር ላይ ሻይ በአንድ ብር ይጠጣል፣ ከብርጭቆው አፍ ላይ ብስኩት ይቀመጥለታል። መርካቶ መግቢያ ላይ የነበረው ካሴት ቤት አንድ የፍቅር ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋግመዋል። ካሴቱ ከማርጀቱ የተነሣ አንዱ ስንኝ ላይ ሲደርስ ይጎትት ስለነበር፣ የጅማ ሰው ሁሉ ያንን ዘፈን ሲያንጎራጉር እዚያ ቦታ ላይ አብሮ ይጎትታል። አንዴ አዲስ አበባ እህቴ ቤት ዘፈኑን በሬዲዮ ስሰማው ፈጥኖ አለፈብኝ፤ ያበላሹት መስሎኝ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ካሴት ቤቱ የሞባይል መጠገኛ ሆኗል።

ያኔ ኮሌጁ ውስጥ የዕፅዋት በሽታ አስተምር ነበር፤ በተለይ የቡና። የቡናን ፍሬ ስለሚያጠቁረው በሽታ ሁለት ሰዓት ሳልተነፍስ ማውራት እችላለሁ። የሰው ጉበት በየትኛው ጎን እንዳለ ስጠየቅ ግን መጀመሪያ የራሴን ሆድ መዳበስ ነበረብኝ። ታዲያ አንድ ቀን፣ ዲግሪያቸውን የጨረሱ ተማሪዎች ተወዳድረው ሕክምናና የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ሊገቡ ነው የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ክፍላችን እነሱን የሚያማክር ሰው ይመርጣል ተባለ። እኔ ያን ዕለት የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጭቃ ይዞት አርፍጄ ገባሁ። ስገባ ሁሉም አጨበጨቡልኝ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ነው፤ «አማካሪ ሆነው በሙሉ ድምፅ ተመርጠዋል» ይላል።

አሥራ አራት ተማሪዎች ተመዘገቡ። ቅጹ ላይ አንደኛና ሁለተኛ ምርጫ የሚል ቦታ ነበረው፤ አሥራ አራቱም አንደኛ ላይ ሕክምና፣ ሁለተኛ ላይ ጥርስ ብለው ጻፉ። እኔም እንደዚያ ጻፉ ነበር ያልኳቸው። ከማን ሰምቼ እንደሆነ አላስታውስም፤ ያኔ የጥርስ ሕክምና ሁለተኛ ላይ የሚጻፍ እንጂ የሚመረጥ ነገር አልነበረም። ከአሥራ አራቱ አራቱን ብቻ ላንሣ። ብሩክ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ምላሱ ቅቤ፣ ፀጉሩ ጄል። ገመቹ የአሰንዳቦ ልጅ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ልቡ ፈሪ። ያሬድ ሁሉን ነገር ከብሩክ የሚቀዳ አጭር፣ ቀጭን ልጅ ነበር። ዘይነባ ደግሞ ከአጋሮ ወዲያ ቡና ጫካ ውስጥ ካለች መንደር የመጣች፣ ካልጠየቋት የማትናገር ልጅ ናት።

እኔ ያላወቅሁትን ወሬ ይሞላው ነበር። ፈታኞቹ የተፈታኙን እጅ ዘርጋ ብለው ያዩታል፣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሐኪም አይሆንም ይላሉ ተባለ። ገመቹ ይህን ሰምቶ ቡና አቆመ። ጅማ ተቀምጦ ቡና ማቆም ዓሣ ውሃ ጠላሁ እንደማለት ነው፤ በሦስተኛው ቀን ራስ ምታቱ ዓይኑን አስጨፍኖ አስሄደው። ሌላው ወሬ የጥርስ ሕክምና የሚፈልግ ሰው ከሳሙና ጥርስ እንዲቀርጽ ይጠየቃል የሚል ነበር። ዶርሙ ውስጥ የልብስ ሳሙና ጠፋ። ጥርስን የናቁት እንኳ ለማንኛውም ብለው በምላጭ ሲቀርጹ ያመሻሉ። የብሩክ ጥርስ የተቆረጠ አውራ ጣት ይመስል ነበር። ዘይነባ የቀረጸችውን ግን የላቦራቶሪያችን መስኮት ላይ ረስታው የጽዳት ሠራተኛዋ አግኝታ፣ የሰው ነው ብላ በወረቀት ጠቅልላ አመጣችልኝ፤ ሳሙና ነው ብላት፣ አጥባው አረፋ እስኪያወጣ አላመነችኝም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪው ውስጥ የቃለ መጠይቅ ልምምድ አደረግን። ለምን ሐኪም መሆን ትፈልጋለህ ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ወገኔን ለማገልገል ይለኛል። አሥረኛው ወገኑን ሊያገለግል ሲነሣ እኔ እንቅልፍ ያዘኝ። ከሕይወታችሁ የሆነ ነገር የለም ወይ ብዬ ተቆጣሁ። ያኔ ዘይነባ ከኋላ ወንበር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ አኮዋ ተናገረች፤ እነሱ አገር አያት አኮ ነው የምትባለው። አኮዋን ጥርስ አመማት። የጥርስ ነገር ነው ያልፋል ተባለ። እብጠቱ ወደ አንገቷ ሲወርድ በቃሬዛ አወጧት፤ ወንዙ ሞልቶ አዘገያቸው። መንገድ ሲደርሱ መኪናው ገና መሄዱ ነበር፤ አኮዋ እዚያው መንገድ ዳር ሞተች። ብሩክ እንኳ ፀጉሩን መዳበስ ተወ። እኔ ተነሥቼ፣ እስከ ዛሬ የሚያስቀኝንም የሚያሳፍረኝንም ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ፦ «በቃ፣ እንዲህ ነው የሚባለው። ሁላችሁም እንዲህ በሉ።»

እነሱም እንደተባሉት አደረጉ።

ፈታኞቹ ከአዲስ አበባ መጥተው የኮሌጁ ትንሿ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጡ። ሰብሳቢው ሽበታም፣ ቀጭን ሐኪም ነበሩ። አጠገባቸው አንዲት የጥርስ ሐኪም ተቀምጣለች፤ ጠዋቱን ሙሉ ቃል አልወጣትም። እኔ በሩ አጠገብ ወንበር ተሰጥቶኝ ስም እጠራለሁ። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለነበር ዘይነባ መጨረሻ ናት።

ብሩክ አንደኛ ገባ። ያንን ግራጫ ዳማ ኮት ለብሷል፤ ለዚሁ ቀን ብሎ ከመርካቶ ልባሽ መርጦ የገዛው ነው። አያቱ በልብ ሕመም እንደሞቱ፣ በቃሬዛ እንደወጡ፣ ወንዙ ሞልቶ እንደነበርና መኪናው ጥሏቸው እንደሄደ እንባ እየተናነቀው ተናገረ። ብሩክ የተወለደው ፒያሳ ነው። ሰብሳቢው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ ብዕራቸውን አንሥተውም ጻፉ። እኔ ወንበሬ ላይ ላብ አጠመቀኝ።

ተከትለው የገቡትም አያት ነበራቸው። አንዱ በስኳር ገደላት፣ ሌላው በደም ብዛት። ገመቹን ከመግባቱ በፊት ደጁ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተኝቶ አገኘሁት፤ ቡና ካቆመ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። አዘንኩለትና ከበሩ ሁለት ስኒ ቡና አስመጥቼ አጠጣሁት። ዓይኑ ተገለጠ፣ እጁ ግን በእውነት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብሩክ ኮቱን አውልቆ አለበሰው፤ እጅጌው ክርኑ ድረስ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ገብቶ አያቱ በወባ መሞቷን፣ ከአሰንዳቦ በቃሬዛ መወሰዷን ሲናገር ሰብሳቢው ቀና አሉ።

«አሰንዳቦ የጅማ አዲስ አበባ ዋና መንገድ ላይ አይደለችም እንዴ? እኔ ትናንት እዚያ ምሳ በልቻለሁ። ቃሬዛው ከየት ወዴት ነው የሚሄደው?»

ገመቹ አንገቱን ደፍቶ አያቱ በሕይወት እንዳለች፣ እዚያው አሰንዳቦ መኪና ሲቆም በቆሎ እሸት እንደምትሸጥ፣ ምናልባትም ሳያውቁ ትናንት ከእሷ ገዝተው ሊሆን እንደሚችል ተናገረ፤ ይቅርታም ጠየቀ። ሰብሳቢው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። ገዝተው ነበር መሰለኝ።

ያሬድ ሲገባ ኮቱ ጉልበቱ ድረስ ወርዶበታል። ሰብሳቢው ከላይ እስከ ታች አዩትና ኮቱን ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ እንዳገኙት ነገሩት። አያትህስ አሉት። ያሬድም የእሱ አያት ከሌሎቹ እንደሚለይ፣ ወንድ አያት እንደሆነ አስረዳ። የጥርስ ሐኪሟ ፊቷን በወረቀት ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እንዲህ ስንሳሳቅ ነው የዘይነባ ተራ የደረሰው። ስሟን ጠራሁ። የተጎናጸፈችውን ሻሽ አስተካክላ ገባች። ሰብሳቢው ደክሟቸዋል፣ ንግግራቸው ግን ትሁት ነበር።

«እህቴ፣ ቁጭ በይ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ስለ አያት አትንገሪን።»

ከወንበሬ ብድግ አልኩ። የአያቲቱ ባለቤት እሷ ናት፣ ሌሎቹ ተበድረው ነው፣ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ ልል ነበር። ሰብሳቢው በእጃቸው ተቀመጪ አሉኝ። ተቀመጥኩ። በዚያ ቀን ከሆነው ሁሉ የሚቆጨኝ ያ መቀመጤ ነው።

«እሺ» አለች ዘይነባ፤ «ስለ አያቴ አልናገርም። ስለ ጥርሷ ብቻ ብናገር ይፈቀዳል?»

ሰብሳቢው ሳቁ። የጥርስ ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። ጠዋቱን ሙሉ ያልተከፈተው አፏ ተከፈተና «የቱ ጥርስ?» አለች።

«ከታች፣ በግራ፣ ከመጨረሻው ሁለተኛው።»

ከዚያ ቀን በቀን ነገረቻቸው። መጀመሪያ ጉንጯ አበጠ። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ አገጯ ሥር ወረደ፣ ጠንካራ ነበር፣ ቢነኩት አይሰረጉድም። በአምስተኛው ቀን ምራቋን መዋጥ አቃታት፤ ምላሷ ወደ ላይ ተነሣ፣ ድምፅዋ ተለወጠ። ቁጭ ካላለች መተንፈስ አትችልም ነበር። ቃሬዛው ሲመጣ ግን ሰዎቹ በጀርባዋ አጋደሟት። «እያባበሏት ነው ያስተኟት» አለች ዘይነባ። «ቁጭ አድርገው ቢወስዷት ኖሮ ምናልባት ትደርስ ነበር። እኔ ይህን በኋላ አንብቤ ነው ያወቅሁት።» ወንዙንም መኪናውንም አላነሣችም። ሰብሳቢው መሳቅ ካቆሙ ቆይተዋል።

የጥርስ ሐኪሟ ቅጹን ገለበጠችና ታዲያ ለምን የጥርስ ሕክምናን ሁለተኛ ላይ ጻፍሽ ብላ ጠየቀች። ዘይነባ ውሸት አታውቅም፤ እንዲህ ይጻፋል ተብዬ ነው አለች። ሁለቱ ፈታኞችም ዘይነባም ዞረው እኔን አዩኝ። እኔ ደግሞ ዞሬ በሩን አየሁ። ዘይነባ ብዕር ተቀብላ ሁለቱን አቀያየረቻቸው።

ውጭ ስንወጣ ክንዷን ይዤ ይቅርታ ጠየቅኋት። ልጆቹ ታሪኳን ዘርፈው ሊያጠፏት እንደነበር ስነግራት ሳቀች።

«ምንም አይደል ቲቸር፤ ጥርሱን ንቀው ትተውልኛል።»

እውነቷን ነው። አያታቸውን በጥርስ መግደል ክብራቸውን ስለነካቸው ወደ ልብና ወደ ወባ ከፍ ከፍ አድርገዋት ነበር።

ውጤት ሲወጣ ዘይነባ ጥርስ ሕክምና ገባች። ገመቹም ሕክምና ገባ፤ ያንን ኑዛዜውን ወደውለት ይሁን የጽሑፍ ፈተናው አውጥቶት እንጃ። ብሩክ አላለፈም። አሁን አዲስ አበባ የሕክምና ዕቃ እያስመጣ ይሸጣል፣ ከሐኪሞቹ ይልቅ መኪናው ያምራል። ያሬድ ባዮሎጂ መምህር ሆኗል፤ ተማሪዎቹ ሲኮርጁ በመያዝ የታወቀ ነው አሉ።

ውጤቱ በወጣ በሳምንቱ የዘይነባ አባት ቢሮዬ መጡ። አባ ዱራ ይባላሉ፤ ረጅም፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ቡና ገበሬ። በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው ማር የሞላ ጣሳ ይዘዋል። የመንደራቸው ሰው ደኅና መሆኑን፣ ዝናቡ ደኅና መሆኑን፣ ቡናውም አልሃምዱሊላህ ደኅና መሆኑን ከነገሩኝ በኋላ ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ቲቸር፣ ሰው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ሙሉ አካል አለው። ልጄን ለምን ጥርስ ላይ ብቻ አስቀሯት?»

የትምህርቱ ዓመት እንደማያንስ፣ ዶክተር መባሏም እንደማይቀር ነገርኳቸው። አልተዋጠላቸውም። እነሱ አገር በገበያ ቀን በጉጠት ጥርስ የሚነቅል ሰው እንዳለ፣ ሰውየው አንድም ቀን ትምህርት ቤት ደጅ እንዳልረገጠ አስረዱኝ። ለአገሩ ሁሉ ሴት ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው ብለው አውርተዋል፤ አሁን ምን ይበሉ? እኔ፣ መናገር የሌለብኝን መናገር ልማዴ ነውና፣ ልጅቷ የመረጠችው በእናትዎ ምክንያት ነው አልኳቸው።

«እናቴ በልብ ነው የሞተችው» አሉ አባ ዱራ።

ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ ነበር። በኦሮምኛ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ አባ፣ ጥርስ ነው አለቻቸው። እሳቸው ጃንጥላቸውን ያዩ ጀመር። ለካ ለለቀስተኛው ሁሉ ልብ ነው ብለው የተናገሩት እሳቸው ናቸው። እናት በጥርስ ሞተች ማለት እንዴት ይቻላል? ያልፋል ብሎ አምስት ቀን ያስቀመጣትስ ማን ነው ሊባል አይደል? ተነሡ፣ ማሩንም አንሥተው ወጡ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተና አባ ዱራ ማሩን መሬት ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ጉቦ ሊሆን ይችላልና ልመልስላቸው ብዬ አሰብኩ፤ ያሰብኩት ግን ጣቴን አስገብቼ ከላስኩ በኋላ ነው።

ዘይነባ ተመርቃ ጅማ ከተመለሰች ዓመታት ሆኗታል። ክሊኒኳ መግቢያው ላይ የሚወጣ ደረጃ የለውም፣ አሮጊት ይችለዋል። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ከባዳም ባሰና አምና ክረምት ላይ ሄድኩ። ወረፋ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ማን ተቀምጦ አገኛለሁ፣ አባ ዱራ። አርጅተዋል፣ ጎብጠዋል፣ ጃንጥላው ያው ነው። ልጃቸው ጥርስ ልትሠራላቸው ሳይሆን፣ ምሳ አብረው ሊበሉ እንደመጡ ነገሩኝ። መንጋጋቸው ውስጥ የቀረ ጥርስም አልነበረም።

ከእኛ ቀጥሎ አንድ የእህል ነጋዴ ተቀምጧል፤ ጉንጩ ትንሽ አብጧል። ወረፋው ሰለቸው። ሰዓቱን አየ፣ ስልኩን አየ፣ መጋዘኑ ክፍት መሆኑን ለሚሰማውም ለማይሰማውም ተናገረ። በመጨረሻ ከኪሱ ቅርንፉድ አውጥቶ ጥርሱ ላይ ነከሰና ብድግ አለ። የጥርስ ነገር ነው፣ ያልፋል፣ ሳምንት ብቅ እላለሁ አለ። አባ ዱራ ጃንጥላቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘጉበት። ሰውየው ቆመ። አግዳሚው ላይ ያለን ሁሉ ዞርን።

«እናቴን የገደላት ጥርስ ነው» አሉ አባ ዱራ። «ያልፋል ያልኳትም እኔ ነኝ።»

ነጋዴው ቅርንፉዱን ከአፉ አወጣ። የሚያደርግበት ቦታ አጥቶ መዳፉ ላይ ያዘውና፣ ከአባ ዱራ አጠገብ ተመልሶ ተቀመጠ።